ልጄን እንደ አዲስ ፊደል ያስቆጠረችው የገርጂዋ አስጠኚ፦ ከ14 ወር በኋላ የምለው

ይህን የምጽፈው ልጃቸው ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ ላቃተው ወላጆች ነው። እኔ መላ ስፈልግ በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር የጻፈ ሰው አላገኘሁም። ስለዚህ የሠራልንንም፣ ያልሠራልንንም፣ የከፈልኩትንም ሳልደብቅ እጽፋለሁ። አስጠኚዋ ስሟ እንዲጠራ አልፈለገችም። ልጄ እንደሚጠራት እኔም "ቲቸር" እላታለሁ።

ልጄን ቤት ውስጥ አቡሽ ነው የምንለው። አሁን አሥር ዓመቱ ነው። አፉን የፈታው በጊዜው ነው። ወሬ ከጀመረ አይቆምም። አያቱ የነገረችውን ተረት በሳምንቱ አንድ ቃል ሳይጥል ይደግመዋል። የተበላሸ ራዲዮ ፈታትቶ መልሶ ይገጥማል። መጽሐፍ ሲገለጥ ግን ሌላ ልጅ ይሆናል። ትከሻው ይወርዳል። ውኃ ይጠማዋል። ሽንቱ ይመጣል። እርሳሱ ይጠፋል።

ነገሩ የገባኝ አንድ ማታ ነው። ሁለተኛ ክፍል ነበር። መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርተናል። የአማርኛ መጽሐፉን ይዞ ከጎኔ መጣና ስለ ኤሊና ጥንቸል አነበበልኝ። አራት ነጥብ ላይ እየቆመ፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ሻማውን ላስጠጋለት እጄን ስዘረጋ ገጹን አየሁት። የተገለጠው ሌላ ምንባብ ነው። ስለ ንጽሕና። ሥዕሉ ላይ ሳሙናና ባልዲ አለ። እሱ ግን ስለ ኤሊ እያነበበ ነው። ታላቅ እህቱ ስታነብለት ሰምቶ ሙሉውን በቃሉ ይዞታል።

ዝም አልኩ። እሱም ዞር ብሎ አየኝ። መጽሐፉን ቀስ ብሎ ዘጋውና "እማ፣ እንቅልፌ መጣ" አለኝ።

ያን ሌሊት እኔ አልተኛሁም። ደብተሮቹን አንድ በአንድ አገላበጥኩ። ከሰሌዳ የገለበጠው ሁሉ ያምራል። ለካ እንደ ሥዕል እያየ ነው የሚገለብጠው። የቃል ጽሕፈቱ ግን ከአሥር አንድ፣ ከአሥር ዜሮ። "ሰላም" የሚለውን "ለሳም" ብሎታል። "ብርቱካን" "ብትርካን" ሆኗል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ "ትኩረት ይሰጠው" ተብሎ ተጽፏል። ልጄ ያቺን ሁለት ቃል እንኳ ማንበብ አይችልም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያልሄድኩበት የለም። ትምህርት ቤቱ "ጎበዝ ነው፣ ልቡ ነው የሌለው" አለኝ። በዚያ ሴሚስተር ከ41 ተማሪ 38ኛ ወጣ። እናቴ ዓይነ ጥላ ነው አለች። ሁለት ሳምንት ጸበል ወሰደችው። በእምነቷ አልከራከራትም፤ ልጁም ከአያቱ ጋር መሄዱን ወዶት ነበር። ንባቡ ግን እዚያው ነው። ዓይኑን አስመረመርኩ፣ ደህና ነው። ጆሮውንም አስመረመርኩ፣ ደህና ነው። አንድ ቦታ ደግሞ ባለ ቀለም መነጽር ሸጡልኝ፤ ፊደሉ አይጨፍርበትም ተብዬ። ቲቸር በኋላ እንደነገረችኝ፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞችና የዓይን ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2009 በጋራ ባወጡት መግለጫ እንዲህ ያለው መነጽር ለዲስሌክሲያ፣ ማለትም ደህና የሚያስብ ልጅ ማንበብ ለሚያቅተው ችግር፣ ይጠቅማል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ የለም ብለዋል። ያን ሳላውቅ ነው ገንዘቤን ያወጣሁት።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ቤት ድረስ እየመጣ እንዲያስጠናው ቀጥረን ነበር። ትሑት ልጅ ነው። ሰዓት ያከብራል። በወር 3,000 ብር እንከፍለዋለን። የሚያውቀው ዘዴ ግን አንድ ብቻ ነው፤ የተሳሳተውን ቃል አሥር አሥር ጊዜ ማስጻፍ። አቡሽ "ሰላም" የሚለውን አሥር ጊዜ አሳምሮ ይጽፋል። በማግሥቱ በቃል ሲባል "ለሳም"። ሦስት ወር እንዲህ ሄደ። እሁድ ማታ ሆዱን ያመው ጀመር። ሰኞ ጠዋት ያስመልሰዋል። ሐኪም ቤት ወሰድኩት፣ ምንም የለበትም ተባለ።

ዲስሌክሲያ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከአንዲት የሳይኮሎጂ ባለሙያ ነው። ሁለት ቀን ስትመረምረው ዋለች። የማሰብ ችሎታው ከእኩዮቹ አያንስም አለችኝ። ጆሮው ይሰማል፣ ዓይኑ ያያል። ችግሩ ቃልን ወደ ድምፅ መሰንጠቁ ላይና ድምፁን ከፊደሉ ጋር ማገናኘቱ ላይ ነው። ሌላው ልጅ ሳይታወቀው የሚይዘውን እሱ አንድ በአንድ፣ በግልጽ፣ ደጋግሞ መማር አለበት። ስንፍና አይደለም። የአስተዳደግ ጥፋትም አይደለም። በዘር የመሄድ ነገር አለው።

አንድ ታሪክም ነገረችኝ። እ.ኤ.አ. በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጽፎ ነበር። ልጁ ንቁ ነው፤ ማንበብ ግን እምቢ አለው። አስተማሪው "ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ የሚስተካከለው አይኖርም ነበር" ዓይነት ምስክርነት ሰጥቶለታል። ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። ከመቶ ዓመት በፊት ልጄን የሚያውቅ ሰው ነበር።

እዚህ አገር ግን ዲስሌክሲያ ስትሉ ብዙ ሰው ኦቲዝም ነው የሚመስለው። አይደለም፣ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ስለ ኦቲዝም ራሱ በአደባባይ ማውራት የጀመርነው እነ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ የጆይ ኦቲዝም ማዕከል መሥራች፣ ዕድሜያቸውን ከሰጡበት በኋላ ነው። የማንበብ ችግር ያለባቸው ልጆች ገና እንዲህ ያለ ተሟጋች አላገኙም። "ሰነፍ" ተብለው ነው የሚያልፉት።

ቲቸርን ያገኘኋት በአንዲት እናት በኩል ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ ልጆቻችንን ስንጠብቅ ተዋወቅን። ቤቷ አዲስ አበባ፣ ገርጂ ነው፤ መብራት ኃይል ወርዶ ውስጥ ለውስጥ አሥር ደቂቃ በእግር። ቀድሞ የመንግሥት ትምህርት ቤት የአንደኛ ደረጃ አማርኛ አስተማሪ ነበረች። አሁን ቤቷ ውስጥ አንድ ክፍል ለይታ በአንድ ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ ታስተምራለች።

ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳው ባዶ መሆኑን ነው። ፊደል ገበታ የለም። ገረመኝ። በኋላ ስጠይቃት "33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ከዲቃሎቹ ሌላ። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያየ ልጅ ገና ከበሩ ነው የሚሸነፈው" አለችኝ።

እኔ "ማንበብ አይችልም፣ ሁሉንም ሞክረናል..." ማለት ስጀምር አቋረጠችኝ። "እሱን በኋላ ይነግሩኛል። አሁን እዚህ ጋ ቁጭ ይበሉና ይዩ።" ከጨርቅ ከረጢት አምስት ቆርኪ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

"አቡሽዬ፣ ሰማይ በል።"

"ሰማይ።"

"ጎበዝ። አሁን ቀስ ብለህ ትለዋለህ። አንድ ድምፅ ባልክ ቁጥር አንድ ቆርኪ ወደ እኔ ትገፋለህ።"

አቡሽ ቆርኪዎቹን አያቸው። እኔን አየኝ። ከዚያ "ሰማይ" አለና አምስቱንም በአንድ መዳፉ ጠራርጎ ገፋቸው።

ያኔ ገባኝ። ለልጄ ቃል እንደ ድንጋይ አንድ ወጥ ነው። የሚከፈል ነገር መሆኑ አልታየውም። እኛ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ የማይታየውን ክፍልፋይ ጻፍ ስንለው ኖረናል። ቲቸር አልተቆጣችም፣ "ተሳስተሃል"ም አላለችው። ቆርኪዎቹን መልሳ ደረደረችና እጁን ይዛ አብራው ገፋች። ሰ። ማ። ይ።

የመጀመሪያውን ወር ፊደል የሚባል አላየም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናድጄ ነበር። በወር ያን ያህል ከፍዬ ልጄ በቆርኪ ሲጫወት ይውላል ብዬ ነበር። ግን ጨዋታ አልነበረም። "ከሰማይ ላይ ሰን አንሳ። ምን ቀረ?" "ማይ።" "ከከበሮ ላይ ከን አንሳ።" "በሮ።" "አሁን በፊቱ ላይ ሰ ጨምር።" "ሰበሮ!" ትርጉም ያለው ቃል ይሁን አይሁን ግድ የላትም። የምትፈልገው ድምፁን ነቅሎ መትከል እንዲችል ነው። ታክሲ ውስጥ ከመገናኛ ገርጂ እስክንደርስ ይህን እንጫወት ነበር። አንድ ቀን ረዳቱም ገብቶበት አብሮን ተጫወተ።

ፊደሉ ሲመጣ በሀሁ አልጀመረችም። መ፣ ለ፣ ተ፣ በ ብላ ነው የጀመረችው። የሚመሳሰሉትን ደግሞ አራርቃ ታመጣለች። ለ ሥር እስኪይዝ ሰ አይመጣም። ተ ካልጠና ቸ የለም። ነና ኘ፣ ደና ጀም እንደዚያው ነው። የልጄ "ለሳም" ከየት እንደመጣ ያኔ ነው የታየኝ።

የእኔ አባት የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ነው። ፊደል የቆጠረው በስንደዶ እየጠቆመ፣ በዜማ ነው። ዜማው ብዙ ልጅ ይሸከማል፤ አልጠላውም። አቡሽ ግን ዜማውን ይዞ ፊደሉን ይጥል ነበር። "ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ" ሳይደናቀፍ ይላል። "ሊ"ን ብቻዋን ጽፋችሁ ብታሳዩት ግን ዝም። ከ"ለ" ጀምሮ በጣቱ እየቆጠረ ነው የሚደርስባት። አንድ ቃል ውስጥ አራት ፊደል ካለ አራት ጊዜ መቁጠር አለበት። መጨረሻው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን ረስቶታል።

ቲቸር የፊደሉን ሰባት ቤቶች ያስተማረችበት መንገድ ለእኔም አዲስ ሆነብኝ። ካዕብ ሲሆን በቀኝ ወገቡ ጭረት ያወጣል፦ ሉ፣ ቡ፣ ኩ። ሣልስ ሲሆን ጭረቱ ወደ እግሩ ይወርዳል፦ ሊ፣ ቢ፣ ኪ። ኃምስ ሲሆን እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፦ ሌ፣ ቤ፣ ኬ። ከሕጉ የሚያፈነግጡትን፣ እንደ "ሩ" ያሉትን፣ ለብቻቸው በቀይ ካርድ ይዛቸዋለች። አንድ ማክሰኞ ገና ያልተማረውን "ዜ"ን ድንገት አሳየችው። አቡሽ ጠጋ ብሎ አየና "ቀለበት አለው! ዘ ነው... ዜ!" ብሎ ጮኸ። ወንበሩ ላይ ቆመ። ማንም ሳይነግረው ያነበበው የመጀመሪያ ፊደል ይህ ነው።

እያንዳንዱ ፊደል በእጅ ይነካል። ባለቤቴ እንጨት ሠራተኛ ነው። ፊደሉን ከብርጭቆ ወረቀት፣ ያ እንጨት ከሚለሰልስበት ሻካራ ወረቀት፣ ቆርጠን ካርቶን ላይ እንድንለጥፍ አዘዘችን። አቡሽ በሁለት ጣቱ መስመሩን ይከተላል። ድምፁን ጮክ ብሎ ይላል። ከዚያ ትሪ ላይ በተነጠፈ አሸዋ ይጽፈዋል። ዓይኑ፣ ጆሮው፣ አፉ፣ እጁ፣ አራቱም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ይህ የእሷ ፈጠራ አይደለም፤ እሷም የእኔ ነው አትልም። ሳሙኤል ኦርተን የተባለ አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪምና አና ጊሊንግሃም የተባለች መምህርት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያዳበሩት መንገድ ነው። እነሱ የሠሩት ለእንግሊዝኛ ነው። እሷ ያን ለፊደላችን እንዲስማማ አድርጋ ቆርጣ መስፋቷ ነው ችሎታዋ። ለዚህ ነው ሌላ ቦታ አላገኘሁትም የምለው። እንግሊዝኛ የሚያስጠና ሞልቷል። ሳድስን፣ ስድስተኛውን ቤት፣ ለዲስሌክሲያ ልጅ ማስተማር የሚችል ግን ስንት ነው?

ሳድስ ላይ ወር ከግማሽ ፈጀብን። ምክንያቱም ሳድስ እንደ ሌሎቹ ቤቶች አንድ ምልክት የለውም። ል፣ ብ፣ ን፣ ር፣ ት፣ እያንዳንዱ በየራሱ ነው የሚቀየረው። ደግሞም አንዳንዴ ትንሽ ድምፅ ይሰጣል፣ አንዳንዴ ድፍን ነው። "ልብ" የሚለውን ውሰዱ። ሁለቱም ሳድስ ናቸው። "ል" ላይ አፋችን ትንሽ ይከፈታል። "ብ" ላይ ግን ዝግት ይላል። እኔ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ይህን አስተውዬው አላውቅም። አቡሽ መዳፉን አገጩ ሥር አድርጎ አፉ የቱ ላይ እንደሚከፈት ይለካው ነበር። እኔም ቤት ውስጥ ወጥ እየሠራሁ "ልብ፣ ብር፣ ክር" እያልኩ አገጬን ስይዝ እገኛለሁ።

ማጥበቅና ማላላቱም አለ። ጽሑፋችን ይህን አያሳይም። "ዋና" ብላችሁ ጻፉ፤ ውኃ ውስጥ የሚዋኘው ነው ወይስ ትልቁ? ጎኑ ያለውን ካላያችሁ አታውቁትም። ደህና አንባቢ ሳያስብ ያልፈዋል። ፊደሉን ለመለየት ጉልበቱን የጨረሰ ልጅ ግን እዚህ ላይ ይወድቃል። ቲቸር አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ "ገና ገና አልደረሰም" ብላ ጻፈች። አቡሽ ሁለቱንም አላልቶ አነበበ። "እንዴት ነው ሁለት ጊዜ?" አለ። "የምን በዓል ነው የሚመጣው?" አለችው። ትንሽ አሰበ። ከዚያ የመጀመሪያውን አጠበቀው። ሁለተኛውን አላላው። ሣቀ። በመንገድ ሁሉ ለታክሲ ሰልፈኛው ሲነግር ነበር። ታኅሣሥ ነበር ወሩ።

ጽሕፈቱ ከንባቡ ዘግይቷል። አሁንም ይዘገያል። ቲቸር ሀና ሐ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ላይ መጀመሪያ አትጨነቅም። ድምፁ ልክ ከሆነ ልክ ነው ትላለች። አንዱን ይያዝ፣ መንትያው በኋላ ይመጣል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ትልልቅ ሰዎች እንኳ "ፀሐይ" የሚለውን በስንት ዓይነት እንጽፈዋለን? ትምህርት ቤቱ ግን "ሠላም" እና "ሰላም" ላይ ነጥብ ይቆርጥበታል። ልጁ ከ"ለሳም" ተነስቶ እዚህ መድረሱን ማን ይቁጠርለት።

ውጤቱን በቁጥር ልንገራችሁ። በየወሩ አንድ አዲስ የሁለተኛ ክፍል ምንባብ ትሰጠውና በአንድ ደቂቃ ስንት ቃል በትክክል እንዳነበበ ትመዘግባለች። ኅዳር 2017 ስንጀምር 11 ቃል ነበር። ሰኔ ላይ 38 ደረሰ። አሁን ጥር 2018 ላይ 46 ነው። አራተኛ ክፍል ነው፤ ከእኩዮቹ ገና ወደ ኋላ ነው። ይህን አልደብቅም። እሁድ ማታ ግን ሆዱን አያመውም። ሰኞ ጠዋት ቁርሱን ይበላል። ለእኔ ከሁሉ ቀድሞ የመጣው ለውጥ ይህ ነው፤ ከንባቡም በፊት፣ በሁለተኛው ወር።

ስለ ባለቤቴ አንድ ነገር ልጨምር፤ ፈቅዶልኛል። ቴሌግራም ላይ ሁልጊዜ በድምፅ ነው መልእክት የሚልክልኝ። አሥራ አራት ዓመት አብረን ስንኖር እጁ በሥራ ስለሚያዝ ይመስለኝ ነበር። የደንበኛ ልኬት በቁጥርና በሥዕል እንጂ በቃል አይጽፍም። አንድ ሐሙስ እኔ ስላልተመቸኝ አቡሽን እሱ ወሰደው። ጥጉ ላይ ተቀምጦ ሃምሳውን ደቂቃ ሙሉ ሲያይ ቆየ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ "እኔም እንዲህ ነበርኩ። ስድስተኛ ላይ ያቆምኩት ለዚህ ነው" አለኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የማታውን ልምምድ ከአቡሽ ጋር የሚሠራው እሱ ነው። ቆርኪውን ሁለቱም ይገፋሉ።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ።

ዋጋው ከባድ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ 50 ደቂቃ ሲሆን 700 ብር ነው። በሳምንት ሁለት ቀን። በወር 5,600 ብር ይመጣል፤ በቴሌብር፣ ወሩ ሳይገባ። የመጀመሪያው ቀን መለኪያ ለብቻው 1,000 ብር ነው። እኛ ለዚህ ስንል የታላቅ እህቱን የሙዚቃ ትምህርት አቋርጠናል። እሷም ታውቃለች፤ ይቆጨኛል። ልጁ ታሞ ከቀረ ከአንድ ቀን በፊት ካልተናገራችሁ ክፍያው አይመለስም። ልጅ ግን ሊያመው አንድ ቀን ቀድሞ አይናገርም። ይህን ሕግ ብታላላው ደስ ይለኛል፤ ነግሬያታለሁ።

ክረምት ላይ ትዘጋለች። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም መባቻ። ልጆች ማረፍ አለባቸው ትላለች። እኔ በዚህ አልስማማም። አቡሽ ሰኔ ላይ 38 ቃል የነበረው መስከረም ላይ 29 ሆኖ ተመለሰ። ያን ለማስመለስ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ደከምን። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ብታስተምር ይህ አይሆንም ነበር። በዚህ ዓመት ክረምቱን የምንሠራበት ወረቀት አስቀድማ እንድታዘጋጅልን ጠይቄያታለሁ። እሺ ብላኛለች።

እንግሊዝኛው ደካማ ጎኗ ነው። ስምንት ወር እስኪሞላን አልጀመረችውም። ምክንያቷ ይገባኛል። ፊደላችን አንዴ ከተያዘ ታማኝ ነው፣ የተጻፈውን ታነባለህ። እንግሊዝኛ ላይ ግን አንዱ ፊደል አራት አምስት ድምፅ ይዞ ይመጣል። "ቢ"ና "ዲ" ደግሞ በመስታወት እንደሚታይ ነገር ተገለባባጭ ናቸው። ስለዚህ አንዱ ይጠና ትላለች። ግን ልጄ ሒሳቡንም ሳይንሱንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ስምንት ወር ሙሉ እነዚያን ፈተናዎች እየወደቀ ጠበቀ። የሷም አነጋገር በአማርኛው እንደሆነው በእንግሊዝኛው እርግጠኛ አይደለም። ዋና ጉዳያችሁ እንግሊዝኛ ከሆነ ሌላ ሰው ብትፈልጉ ይሻላል።

ስልክ የምታነሳው ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ብቻ ነው። መልእክት ብትልኩ በማግሥቱ ትመልሳለች። ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ ልጅ ስታስተምር ስልኳ ሌላ ክፍል ስለሆነ ግን አልከፋበትም።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ ደብዳቤ ጽፋልን ነበር። የፈተናው ጥያቄ ይነበብለት፣ ተጨማሪ ጊዜ ይሰጠው፣ ሳይዘጋጅ ተነስተህ አንብብ አይባል የሚል። የክፍል ኃላፊው ወዲያው ተቀበለ። እግዜር ይስጠው። ከበላይ ግን "ለአንዱ ካደረግን ለሁሉም ልናደርግ ነው" ተብሎ ቀረ። ይህ የቲቸር ጥፋት አይደለም። ግን እሷ ተከታትላ ትሄዳለች ብላችሁ አትጠብቁ። ደብዳቤውን ትጽፋለች፣ በሩን የምታንኳኩት እናንተ ናችሁ።

ቤት ውስጥም ሥራ አለ። በየማታው 15 ደቂቃ። አሥር ደቂቃ የድሮ ካርድ፣ አምስት ደቂቃ አሸዋ። ይህን ያልሠራ ወላጅ ብሩን ባይከፍል ይሻለዋል። እሷም በግልጽ ትናገራለች። እኔን አንድ ጊዜ ሁለት ሳምንት ስዘልል አይታ "ካርዶቹ አዲስ ሆነው መጡ" አለችኝ። ጠርዛቸው አልቆሸሸም ማለቷ ነው። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ አልዘለልንም።

አንድ የምወድላት ነገር "ይድናል" አለማለቷ ነው። ፌስቡክ ላይ በሁለት ወር እናድናለን የሚሉ አሉ። አትመኗቸው። ዲስሌክሲያ በሽታ ሆኖ የሚድን ነገር አይደለም፤ ልጁ መንገዱን ይማራል እንጂ። ቲቸር የመጀመሪያው ቀን የነገረችኝ "ሁለት ዓመት አስቢ። ምናልባት ሦስት" ነው። "ሐኪም አይደለሁም፣ ምርመራውን ባለሙያ ጋ አስደርጊ" ብላም መልሳ የላከቻቸው እናቶች አሉ። ልጇ መነጽር ብቻ ያስፈለገውን አንዲት እናት ሳንቲም ሳትቀበላት መልሳታለች።

ባለፈው ሳምንት ከመገናኛ ታክሲ ተሳፈርን። አቡሽ ከበሩ ጎን ተቀመጠ። በሩ ላይ እንደ ሁልጊዜው ወረቀት ተለጥፏል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ጣቱን ጉልበቱ ላይ እያንቀሳቀሰ፣ ፊደሉን እንደ አሸዋ ላይ እየጻፈው። ዝም አልኩ፣ ልረዳው አልፈለግሁም። ኢምፔሪያል አልፈን ሦስት ሰው ከወረደ በኋላ፣ "በ-ሩ-ን... ቀስ... ብለው... ይዝጉ" አለ። ለራሱ ነው ያለው። ከዚያ ወራጅ ስንል በሩን ራሱ ከፈተ፤ ከወረድን በኋላም ቀስ አድርጎ ዘጋው።

የእኛ ቀን ማክሰኞና ሐሙስ ነው፣ አሥር ሰዓት። እስከ ሰኔ እንቀጥላለን። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን እንድናደርገው ተነጋግረናል። ያኔ የሐሙሱ ሰዓት ክፍት ይሆናል። ወረፋው ላይ አምስት ልጆች አሉ፤ ስለዚህ የምትፈልጉ ካላችሁ ክረምት እስኪገባ አትጠብቁ። ስትሄዱ ልጁ የሚወደውን ነገር አንድ ይዛችሁ ሂዱ። አቡሽ የራዲዮ ብሎን ይዞ ነበር የሄደው። እስከ ዛሬ ከቆርኪዎቹ ጋር ከረጢቱ ውስጥ አለ።